ሶሲዮሎጂ ለመማር፦ ማራኪ ግቢ፣ ኤክስቴንሽን፣ የግል ኮሌጅ ወይስ የአሜሪካው ኮሚኒቲ ኮሌጅ?

ሶሲዮሎጂ መማር የሚፈልግ የጎንደር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክፍያ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከእሱ በፊት የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ፦ እዚያ ገብቼ ስወጣ መረጃ ራሴ ሰብስቤ፣ ራሴ ተንትኜ፣ ራሴ መጻፍ እችላለሁ ወይ? ሐኪም ወረቀቱ ላይ የሙያው ስም አለለት፤ ሒሳብ ሠራተኛም እንደዚያው። የሶሲዮሎጂ ምሩቅ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ቁጭ ሲል "ታዲያ ምን ትሠራለህ?" መባሉ አይቀርም። ያኔ የሚያድነው በእጁ የሠራው ጥናት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ያነጻጸርኩት በዋናነት በዚሁ መለኪያ ነው።

ማራኪ ግቢ፣ መደበኛ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ስለተጀመረ ስሙ ከሕክምና ጋር ተጣብቆ ኖሯል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ውሎ ግን ማራኪ በሚባለው ግቢው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪው አራት ዓመት ሆኗል። የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ነው፦ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ እንግሊዝኛ። ሶሲዮሎጂ የሚጀምረው ፍሬሽማን አልፎ ዲፓርትመንት ከተመረጠ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያስበው ነገር አለ። ልጁ ጎንደር ተወልዶ ማደጉ ጎንደር ለመመደቡ ዋስትና አይሆንም። ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የአዘዞ ልጅ ጅግጅጋ ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። ማራኪ ቢደርሰው እንኳ ዲፓርትመንት የሚገባው በምርጫውና በውጤቱ ነው። በዚህ መንገድ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ፈልገው ሶሲዮሎጂ የደረሳቸው ልጆች ክፍሉ ውስጥ አይጠፉም። ወዶ የገባ ተማሪ ከእነሱ ጋር የቡድን ሥራ ሲሰጠው ብቻውን ሠርቶ የአምስት ሰው ስም መጻፍ ሊገጥመው ነው። ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ወጪው በኮስት ሼሪንግ ይያዛል። የምግብና የዶርም ወጪ ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉ ጋር ተደምሮ ዕዳ ይሆንና ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ቤተሰቡ ከተማው ውስጥ ያለ ልጅ ቤቱ እያደረ ቢማር ዕዳው ይቀንሳል። ታዲያ በየቀኑ የባጃጅና የታክሲ ሒሳብ አለ፤ ማታ ላይብረሪ ማምሸትም ይቀርበታል። ዶርም ያለ ልጅ ደግሞ ከወለጋ፣ ከሲዳማ፣ ከአፋር ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ አቅም ካለ ዶርሙን አልተወውም።

ችግሩ በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሬሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ዕድል ላገኘ ሌላ መንገድ አለ፤ ላላገኘ የለም።

ኤክስቴንሽንና ቅዳሜ እሑድ

ይኼ ለወረዳና ለቀበሌ ሠራተኛ፣ ለመምህር፣ ለፖሊስ የሚሆን ነው። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ይታሰባል፤ ኮስት ሼሪንግ የለም፣ ከኪስ ነው። ዲግሪው ከመደበኛው አያንስም፤ ብዙ ጊዜ መምህሮቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ አስተምሮ ደክሞት መምጣቱ፣ ተማሪውም ከሥራ ደክሞት መምጣቱ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈልገው የስታቲስቲክስ ልምምድ በአርባ ደቂቃ ይሰበሰባል።

ግን የኤክስቴንሽን ተማሪ አንድ ትልቅ ነገር አለው። ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የሚሠራ ሰው የፍቺ፣ የቀለብ፣ የጎዳና ልጆች ጉዳይ በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። መደበኛው ተማሪ ፍለጋ የሚወጣበት ነገር እሱ ጋ ይመጣል። ይህንን ተጠቅሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ከሥራው ጋር ያገናኘ ሰው ማራኪ ዶርም ካደረው ይበልጣል። አብዛኛው ግን አያደርገውም፤ ዲግሪው ለደረጃ ዕድገት ብቻ ስለሚፈለግ።

ከከተማ ውጭ የሚመጣ ሰው የመንገዱን ነገር ያስብበት። ከደባርቅ ወይም ከማክሰኝት ቅዳሜ ቅዳሜ እመላለሳለሁ ብሎ የከፈለ ሰው መንገድ በተዘጋ ቁጥር ክፍል ያመልጠዋል፤ ገንዘቡ አይመለስለትም።

የግል ኮሌጅና ርቀት

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። የግል ኮሌጆች ገበያውን ያውቃሉ፦ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ነርሲንግ። ሶሲዮሎጂ የሚሰጥ ብታገኙ የመጀመሪያ ሥራችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ማጣራት ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስ፣ በትምህርት ዓይነትና በአሰጣጥ ነው። "አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ አለን" ማለት ለጎንደሩ ቅርንጫፍ አይሠራም። የማኔጅመንት ፈቃድ ለሶሲዮሎጂ፣ የመደበኛውም ለርቀት አይሆንም። ሬጅስትራሯ በፈገግታ "ሒደት ላይ ነው" ካለቻችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ አድርጋችሁ ውጡ።

ሌላው የመውጫ ፈተናው ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስክ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ወደ 62 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ግን 17 በመቶ ገደማ ነበሩ ያለፉት። ማለፊያው 50 ነው፤ ያላለፈ ዲግሪ የለውም። እነዚህ የሁሉም ትምህርት ዓይነቶች ድምር ናቸው፤ ስለ አንድ ኮሌጅ ወይም ስለ ሶሲዮሎጂ ለብቻው አይናገሩም። ስለዚህ ኮሌጁን "ባለፈው ዓመት ከሶሲዮሎጂ ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?" ብላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። የሚኮራበት ቁጥር ያለው ኮሌጅ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል።

ርቀት በሞጁል ነው። የሶሲዮሎጂ መሥራቾች የሚባሉትን ዱርካይምንና ቬበርን ከሞጁል ማንበብ ይቻላል። የመስክ ሥራን ግን ከሞጁል የተማረ አላየሁም፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ አማካሪ በስልክ ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፉ ነገር

መለኪያዬ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። የየትኛውም ግቢ በር ላይ ካሉ የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ "ከፕሮፖዛል ጀምሮ ሪሰርች እናማክራለን" የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ማማከር የሚሉት ሠርቶ መሸጥ ነው። እሱን መክፈል ያልፈለገ ደግሞ መጠይቁን ራሱ ይሞላዋል። አንድ ማታ፣ ሦስት ቀለም እስክርቢቶ፣ አንዳንዱን በግራ እጅ፤ ሲነጋ የመቶ ሰው "መልስ" ተሰብስቧል። ከዚያ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ይገባና ቆንጆ ሠንጠረዥ ይወጣል።

እውነተኛው ሥራ እንዲህ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ስለ ጉሊት ነጋዴዎች እቁብ ልትጽፍ የወጣች ተማሪን አስቡ። የታተመ መጠይቅ ይዛ ሽንኩርት ሻጯ አጠገብ ትቀመጣለች። ሴትዮዋ በየመሐሉ "ቆይ ልጄ፣ ይችን ሰው ላስተናግድ" ይሏታል። ሦስተኛው ጥያቄ "ወርሃዊ ገቢዎ ስንት ነው?" ይላል፤ ሴትዮዋ ይስቃሉ፣ ጎረቤታቸውም ትስቃለች። ወር የሚባል ሒሳብ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ለማታውቁት ልጅ አይነገርም፤ ግብር ይመስላል። ተማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ "እቁቡ የቀን ስንት ነው?" ስትል ግን ወሬው ይከፈታል፦ የቀኑ መዋጮ፣ ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ዕጣው የወጣላት ሴት ልጇን ወደ መተማ ስትልክ ለመንገድ እንዳዋለችው፣ ባለፈው ክረምት ማን ሳትከፍል እንደጠፋች። ከዕለት መዋጮው ተነስታ ገቢያቸውን መገመት ትችላለች። ማታ ቤቷ ገብታ የሰማችውን ሳይረሳት ትጽፋለች። ይህንን አንዴ ያደረገ ሰው ሶሲዮሎጂ ያውቃል።

ስለዚህ የትኛውንም ተቋም ለመምረጥ ላይብረሪው ገብታችሁ ያለፈው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፎችን አስወጥታችሁ እዩ። አምስቱ ተመሳሳይ ርዕስ፣ የከተማው ስም ብቻ የተቀየረ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚያማክርም ጠይቁ።

ግሪን ካርድ ላለው፦ ኮሚኒቲ ኮሌጅ

ይህ ክፍል ወረቀቱ እጁ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው፤ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሚሄድ፣ የቀን ጉዳይ የቀረው። በተማሪ ቪዛ ለሚያስብ ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው፦ የመንግሥት ድጎማ አያገኝም፣ ከፍተኛውን ክፍያ ይከፍላል።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲባል የኛን ፖሊ ቴክኒክ የሚያስብ አለ። ፖሊ ቴክኒኩ ሙያ ያስተምራል፤ ሶሲዮሎጂ የለውም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሙያም ያስተምራል፣ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመትም ያስተምራል። ወደ 60 ክሬዲት ጨርሶ አሶሺዬት ዲግሪ የያዘ ተማሪ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ሦስተኛ ዓመት ይጀምራል። የ50 በመቶ ግድግዳ የለም፤ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ሁሉ ይገባል። እንግሊዝኛው ደከም ካለ መጀመሪያ የቋንቋ ክፍል ይመደባል።

ያገራችን ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ሁለት አካባቢዎች ምርጫ ግልጽ ነው። ሜሪላንድ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለ፤ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያለው ካምፓሱ አበሻ የማይጠፋበት ሠፈር ነው። ቨርጂኒያ ላይ ኖቫ የሚሉት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አለ፤ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተማሪ ማዛወሪያ ፕሮግራም አለው። ቨርጂኒያ ላይ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት አንድ ዓመት የኖሩ መሆን ይጠበቅባችኋል፤ በደረሳችሁ ማግስት የተመዘገባችሁ እንደሆነ እጥፍ ድርብ ትከፍላላችሁ። ግሪን ካርድ ያለውና ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ፔል ግራንት የሚባል የፌዴራል ድጎማ ይጠይቃል። በቅርብ ዓመታት ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነበር። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባል ቅጽ ነው፤ ሞልቶ መላክ ነጻ ነው፣ "እኔ ልሙላላችሁ" ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ።

በእኔ መለኪያ ግን ኮሚኒቲ ኮሌጁ ከማራኪ ያንሳል። የሶሲዮሎጂ መግቢያ፣ ማኅበራዊ ችግሮች፣ ጋብቻና ቤተሰብ የሚሉ ኮርሶች ናቸው የሚሰጡት፤ ምሳሌው ሁሉ ስለ አሜሪካ ዘርና መደብ ነው። የምርምር ዘዴና ጥናት በአብዛኛው ከዝውውሩ በኋላ ይመጣል። ሁለት ዓመት የተባለውም ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ ቀን ለሚማር ሰው አራት ዓመት ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፦ ድርሰት በየሳምንቱ ያስጽፋሉ፣ የሰው ጽሑፍ የገለበጠ ደግሞ ከኮርሱ ሊወድቅ፣ ሲደጋግም ሊባረር ይችላል።

አንድ ልዩነት አትርሱ። እዚህ የሥራ ማስታወቂያ "ሶሲዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ተዛማጅ" ብሎ ያጠቃልላል። እዚያ በብዙ ስቴቶች ሶሻል ወርከር ለመባል የሶሻል ወርክ ዲግሪና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሶሲዮሎጂ ብቻ ተምሮ በዚያ ስም መሥራት አይቻልም። ዓላማችሁ ሰው መርዳት ከሆነ ከመጀመሪያው ወደ ሶሻል ወርክ የሚያዛውረውን መስመር ያዙ።

ማን የቱን ይምረጥ

ነጥቡ ለሞላለት ማራኪ። በገንዘብም በመስክም የሚደርስበት የለም፤ ከተማው ራሱ የጥናት ቦታ ነው። ዳባት አካባቢ አለምዋጭ የኤርትራ ስደተኞች ጣቢያ አለ፣ በመተማ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች አሉ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ አለ። በዚህ ዙሪያ የሚሠሩ ድርጅቶች መረጃ ሰብሳቢ ሲቀጥሩ ታብሌት ላይ ኮቦ የሚባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ የነካ፣ ኤክሴል የሚችል፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ ማውራት የማይከብደው ይፈልጋሉ። እነዚህን ዩኒቨርሲቲው አስተማረም አላስተማረም በክረምት ራሳችሁ ተማሩ።

ለሠራተኛ ኤክስቴንሽን፣ ጽሑፉን ከቢሮው ጉዳይ ላይ ለመሥራት ከወሰነ። ርቀትን ለመጀመሪያ ዲግሪ አልመክርም። የግል ኮሌጅን የምመክረው ፈቃዱም የመውጫ ፈተና ቁጥሩም በወረቀት ከታየ ብቻ ነው።

የአሜሪካ ጉዞው ያለቀለትና አሁን ማራኪ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ኮርሶቹን ሳያቋርጥ ሴሚስተሩን ይጨርስ፤ የተወሰኑት እዚያ ሊያዙለት ይችላሉ። የኮርስ መግለጫዎቹን ከዲፓርትመንቱ ማኅተም አስደርጎ ይያዝ። ትራንስክሪፕት ለግምገማ የሚላከው ታሽጎ ከሬጅስትራር በቀጥታ ነው፤ በእጅ የተያዘ ቅጂ ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። ተመርቆ የሚሄድ ደግሞ ኮስት ሼሪንጉን ሳይዘጋ ዋናው ዲግሪና ይፋዊው ትራንስክሪፕት አይለቀቅለትም። ከሄደ በኋላ በዘመድ ለማስጨረስ ከተሞከረ ውክልና ያስፈልጋል፤ ውክልናውን ከመብረሩ በፊት እዚሁ ጎንደር ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ያስጨርስ።