ኮሌጅ ወይስ የአናጺ ቤት?

ጅማ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ፣ ቤተሰቡ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እናስገባው ወይስ በርጩማ ከሚሠራ አናጺ ዘንድ ይልመድ ብሎ ይጨነቃል።

ኮሌጁ ማንበብ ለማይከብደው፣ ለምሳሌ መስማት ተስኖት ማንበብ ለሚችል ተማሪ ይስማማል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መኖሩን ግን ከምዝገባ በፊት አረጋግጡ። የብቃት ምዘናውን ካለፈ ማስረጃው ሌላ ከተማም ያገለግለዋል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ግን፣ በእኛ እምነት፣ የአናጺው ቤት ይሻላል። ማለስለስን ብቻ ተመልከቱ፦ እንጨቱን ማሰር፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ አቧራውን መጥረግ፣ በለስላሳው መድገም። አራቱንም በፎቶ አንስታችሁ በቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ለጥፉ። አንዱ ሳይለመድ ሌላው ሲጨመር ልጁ ግራ ይጋባል፤ አናጺውም «አይችልም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አይችልም ማለት ግን አይደለም፤ የቸኮልነው እኛ ነን።

መንገዱንም አስለምዱት፦ ባጃጅ መሳፈሪያውን፣ መውረጃውን፣ መልስ መቀበልን። ሙያውን ይዞ ለብቻው መሄድ አቅቶት ቤት የሚቀር አለ።

ከአናጺው ጋር ክፍያውን በጽሑፍ ተስማሙ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ ይህን ሳታፍሩ ንገሩት።