ሂቢስከስ፦ በመትከያ ዕቃ ወይስ በመሬት?

በመጀመሪያ አንድ ጭንቀት እናስወግድ። የሞቃት አየር ተክል የሆነው ሂቢስከስ፣ አንዱ አበባው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው 1 ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ፈክቶ ማታ ቢጠወልግ በሽታ አይደለም። የሚያሳስበው እምቡጡ ሳይፈካ ሲረግፍና ቅጠሉም አብሮ ሲዝለፈለፍ ነው። እዚህ ላይ የተተከለበት ቦታ ልዩነት ያመጣል።

በዕቃ የተተከለው አፈሩ ጥቂት ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ እምቡጡን ይጥላል። ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ፣ ሥሩ በውኃ ብዛት ታፍኖ ይሆናልና ተጨማሪ ውኃ ሊገድለው ይችላል። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም! ዕቃው ከታች ቀዳዳ ሊኖረው የግድ ነው።

መሬት ላይ ያለው ሥሩን እንደ ልቡ ስለሚሰድ፣ ውኃ ሳይጠጣ የሚያልፍበትን ቀን ይችላል፤ ውኃ በሚያቁር አፈር ላይ ግን አይተከል።

የዕቃው ትልቁ ጥቅም በብርድ ጊዜ ይታያል፦ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ተክሉን አንሥቶ ወደ ቤት ማስገባት ይቻላል። ብርድ በማይበረታበት ስፍራ ግን ያለ ማመንታት መሬትን እመርጣለሁ፤ በየቀኑ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ በብዛት ያብባል።