ዴስክቶፔን በላን ኬብል አስገጠምኩት፣ ስለ ኬብሉም ስለ ሰራተኛውም ልንገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ቤቱ ዴስክቶፕ አስቀምጦ ከዋይፋይ ጋር ለሚታገል ሰው ነው፣ እኔ ከአመት በላይ ታግዬበት በመጨረሻ በላን ኬብል (ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በሽቦ የሚያገናኘው) ካስገጠምኩት ይኸው ሶስተኛ ወሩ ስለሆነ የምናገረው ተጠቅሜ ያየሁትን ነው።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ በብዛት ሰርግ። የኢንተርኔቱ ፋይበርና ራውተሩ ያሉት ሳሎን በሩ ጋ ነው፣ ኮምፒውተሬ ያለው ደግሞ ውስጠኛው መኝታ ቤት፣ መሃል ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የብረት ቁምሳጥን አለ። ዴስክቶፑ ዋይፋይ ስለሌለው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዶንግል ገዝቼ ነበር የምጠቀመው። ቀን ቀን ደህና ትሰራለች፣ ማታ ከአንድ ሰአት በኋላ ግን ብሎኩ ሁሉ ከስራ ሲገባ በቃ ያልቃል፣ ስልኬ ላይ ስፈልግ ከ20 በላይ የዋይፋይ ስም ይደረደራል፣ አብዛኛው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ ያ ሁሉ ቤት በሶስት ቻናል ይሻማል ማለት ነው። ሙሽሮቹ "ቪዲዮው ደረሰ ወይ" እያሉ ይደውላሉ፣ እኔ 92 ፐርሰንት ላይ የተቋረጠ አፕሎድ ፊት ተቀምጬ ምን እንደምመልስ ይጠፋኛል።

መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን ኢንተርኔቱ ላይ ነበር የማደርገው። አንድ ቀን ግን ውጭ ያለ ሳይት ትቼ እዛው ሳሎን ያለውን ራውተር ፒንግ አደረግኩት፣ ፒንግ ማለት ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ማየት ነው። አንዴ 3 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዴ 180፣ አንዴ ጭራሽ መልስ የለም። ከራሴ ሳሎን ጋር መገናኘት ካቃተኝ የውጪው ምን ያድርግ? እናንተም ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ይችን ነገር ሞክሩ፣ ብዙ ሰው ችግሩ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ብሩን ፓኬጅ ላይ ይጨምራል።

ከዛ መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ጫፍና ጫፉ የተሰራለት 20 ሜትር ኬብል ገዛሁ። ላዩ ላይ ካት6 (የኬብል ደረጃ ስም ነው) ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ልጁም "ኦርጅናል ነው" አለኝ፣ አመንኩት። ምንጣፍ ስር አሳልፌ ሰካሁት፣ ሰራ፣ ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ኮኔክሽኑ ይመጣል ይሄዳል፣ ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ገብቼ ኔትወርክ ከዛ ኢተርኔት ስል ሊንክ ስፒዱ 1000 ሜጋቢት (ጊጋቢት የሚባለው) መሆን ሲገባው 100 ይላል። ይሄ ቁጥር የፓኬጃችሁ ፍጥነት አይደለም፣ ኮምፒውተራችሁና ራውተሩ በመሃላቸው የተስማሙበት ፍጥነት ነው፣ ሁለቱም ጊጋቢት የሚችሉ ሆነው 100 ካለ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ወይ ጫፉ ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

አንድ የስራ ጓደኛዬ ቢሮአቸውን የዘረጋላቸውን ልጅ ስልክ ሰጠኝ። ልጁ በመጣበት ቀን ሁለት ሰአት አርፍዷል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም፣ ደውሎም አላሳወቀኝም። ከመጣ በኋላ ግን ያሳየኝን ነገር አልረሳውም። የገዛሁትን ኬብል በእጁ መዘን አደረገና "ወንድሜ ይሄ ቀለለኝ፣ ልቁረጠው?" አለኝ። ቁረጠው አልኩት። ላስቲኩን ልጦ አንዷን ቀጭን ሽቦ አወጣና በምላጭ ፋቅ አደረጋት፣ ቀዩ ተነስቶ ውስጡ ነጭ ሆነ። "እየው፣ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ ቀብተውት ነው።" ከዛ ሽቦዋን ሶስት አራት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ሲያጥፋት ቀንጠስ አለች። የራሱን ኬብል አውጥቶ እንደዛው ፋቀው፣ እስከ ውስጥ ቀይ ነው፣ ቢያጥፈው ቢያጥፈው አልተበጠሰም። የካት5ኢም (ከካት6 ዝቅ ያለው ደረጃ) የካት6ም ስታንዳርድ የሚጠይቀው ሙሉ መዳብ ነው፣ ስለዚህ ላዩ ላይ ምንም ይጻፍበት ያኛው ካት6 አይደለም። የሱ በሜትር 15 ብር ይበልጥ ነበር፣ 20 ሜትር ላይ 300 ብር ማለት ነው፣ ለ300 ብር ነው እንግዲህ ስንት ሌሊት ያጠፋሁት፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። የሸጠልኝ ልጅ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ግን ደንበኛ ፊት አንዴ ፍቆ ማሳየት ምን ያህል ደቂቃ ይፈጃል?

ለምን 100 ላይ እንደቀረም የኬብሉን ሽቦዎች አንድ በአንድ በሚፈትሽ መሳሪያ፣ በቴስተሩ አሳየኝ፣ ስምንቱ መብራት በተራ ሲበራ 8 ቁጥር አልበራም፣ ቡኒው ጫፉ ላይ ተበጥሷል። ስምንቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንድ ናቸው፣ 100 ሜጋ የሚሰራው በብርቱካኑና በአረንጓዴው ጥንድ ብቻ ነው፣ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ አንዱ ሲጎድል ወደ 100 ይወርዳል ወይ እየተቆራረጠ ያስቸግራል።

አዲሱን ሲገጥም አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። ሽቦዎቹን በጣቱ እየደረደረ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ፣ ከዛ በአንዴ እኩል ቆርጦ ጃኩ (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) ውስጥ አስገብቶ ጫፋቸው ፊት ለፊት መድረሱን ብርሃን ላይ ካየ በኋላ ነው ክሪምፐሩን (መሰኪያውን ሽቦው ላይ የሚያጣብቀውን ፒንሳ) የጨበጠው። ጥንዶቹን ከሚያስፈልገው በላይ አይፈታቸውም፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ የተጠማዘዙት ረብሻ እንዳይገባባቸው ስለሆነ ብዙ ከተፈቱ ጥቅማቸው ይቀራል አለኝ። ኬብሉን በዳክት (ኬብል የሚያልፍበት የፕላስቲክ መሸፈኛ) አድርጎ ከኮርኒሱ ስር ወሰደው፣ የመብራት መስመር ካለበት ራቅ እያለ፣ ማለፍ ግድ የሆነበት አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አቋርጦት እንዲያልፍ እንጂ ጎን ለጎን እንዳይሄድ አደረገው። እኔ ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለውን ውድ ኬብል ልግዛ ብዬው ነበር፣ "ቤትህ ኧርዝ አለው?" አለኝ፣ መብራቱን ወደ መሬት የሚያወርደውን መስመር ማለቱ ነው፣ የለውም፣ ሲፒዩውን ስነካው ሁሌ ትንሽ ይነዝረኛል፣ "እንደዛ ከሆነ ሺልዱ አይጠቅምህም፣ ብርህን አታውጣ" አለኝ። ብዙ ሊሸጥልኝ ሲችል ነው ይሄን ያለኝ፣ ለዚህ ብቻ ላመሰግነው እፈልጋለሁ።

ግድግዳ በስቶ ከማሳለፉ በፊት አከራዬን እትዬን ጠየቅኳቸው፣ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ልጁ ራሱ ወርዶ "እትዬ፣ ቀዳዳዋ የትንሽ ጣት ታክላለች፣ በጀሶ ደፍኜ ቀለም ቀብቼ ነው የምሄደው" ሲላቸው ፈቀዱ፣ ደግሞም እንዳለው አድርጎት ነው የሄደው።

አንድ ያቆየን ነገር ድራይቨሩ ነው፣ ዊንዶውስ የኬብሉን መሰኪያ እንዲያውቀው የሚያደርገው ሶፍትዌር። ዊንዶውስ በቅርብ ስለቀየርኩ ኢተርኔት የሚለው ጭራሽ አልመጣም፣ ኬብሉ መስሎን ነበር፣ የሪልቴኩን (የኔትወርክ ቺፑ ሰሪ ድርጅት) ድራይቨር የስልኬን ኢንተርኔት በዩኤስቢ አጋርቼ አወረድኩትና ወዲያው 1000/1000 አለ።

አሁን ውጤቱ። የኢንተርኔት ፓኬጄ ያው ነው፣ ኬብል ፓኬጅ አያሳድግም፣ የሚነግሯችሁን አትመኑ። የተለወጠው መቆራረጡ ነው፣ ራውተሩን ፒንግ ሳደርግ ማታም ሆነ ቀን ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፣ ማታ አፕሎድ አድርጌ እተኛለሁ ጠዋት አልቆ አገኘዋለሁ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ካሜራ ማኑ ላፕቶፑን ይዞ ሲመጣ ነው፣ እሱንም በኬብል ራውተሩ ላይ እንሰካውና 60 ጊጋ የሚሆን የሰርግ ቀረጻ 10 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል፣ በ100 ሜጋ ቢሆን ያው ፋይል ከአንድ ሰአት ከሩብ በላይ ይፈጃል። ሁለታችንም ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ) ስላለን ነው ታዲያ፣ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ይሄን ያህል አትጠብቁ። የራውተራችሁንም ፖርት እዩ፣ አንዳንዱ ራውተር ላይ ጊጋቢት የሆነው አንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ኬብሉን ከ5 ሙሉ 5 ነው የምሰጠው። ሰራተኛውን 4፣ አንዱን የቀነስኩት በማርፈዱና ኩሽና ጋ ያለችው የዳክቷ ጥግ በእንፋሎት ማጣበቂያዋ ስለለቀቀ ነው። ደውዬለት ቅዳሜ መጥቶ በብሎን እንደሚያስራት ነግሮኛል፣ ከመጣ አምስተኛዋን እጨምርለታለሁ።