ሁለት በመቶ ወይስ የጥንቃቄ ግዴታ፦ የሕንድና የፈረንሳይ ሕጎች

የኩባንያዎችን ማኅበራዊ ኃላፊነት ከበጎ ፈቃድ አውጥተው ግዴታ ያደረጉት ሕንድና ፈረንሳይ መነሻቸው የተለያየ የፍትሕ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሕንድ የኩባንያዎች ሕግ በአንቀጽ 135፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ካለፉት 3 ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት እንዲያውሉ ያዛል። ይህ የክፍፍል ፍትሕ ነው፤ የሚጠይቀው ትርፉ ለማን እንደሚደርስ እንጂ እንዴት እንደተገኘ አይደለም። ወንዝ የበከለ ፋብሪካ ትምህርት ቤት ሠርቶ ይህን አንቀጽ ሊያሟላ ይችላል (የአካባቢ ሕጉ ለብቻው ቢጠይቀውም)።

የፈረንሳይ የ2017 የጥንቃቄ ግዴታ ሕግ ግን የተወለደው ከፍርስራሽ ነው። በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከአቧራው መካከል የአውሮፓ የንግድ ምልክት የተሰፋባቸው ልብሶች ተገኙ። ሕጉ በፈረንሳይ ቢያንስ 5,000፣ ወይም የውጭዎቹ ተጨምረው 10,000 ሠራተኞች ያሏቸው ኩባንያዎች በቅርንጫፎቻቸውና በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የሚደርሰውን አደጋ የሚከላከል ዕቅድ አውጥተው እንዲፈጽሙ ያስገድዳል፤ ባለመፈጸማቸው ጉዳት ከደረሰም ካሣ ሊጠየቁ ይችላሉ። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ጉዳት ያደረሰው ራሱ እንዲክስ የሚጠይቀው የእርማት ፍትሕ ነው፤ ሆኖም የማስረዳት ሸክሙ አሁንም በተጎጂው ትከሻ ላይ ስለሆነ፣ የባንግላዴሿ ልብስ ሰፊ የፓሪሱን ኩባንያ ጥፋት ራሷ ማረጋገጥ ይጠበቅባታል።