ለቤዝ ድራም ወፍራም ድምፅ ምን ይገዛ? ሽፋን፣ ባለ 24 ኢንች ድራም፣ ማይክ እና ሰብዉፈር በንጽጽር

ጎንደር ውስጥ በሠርግና በሆቴል አዳራሽ የሚጫወቱ ባንዶች ዕቃ ሊገዙ ሲሉ ያማክሩኛል፤ ጉዳዩ ቤዝ ድራም፣ ማለትም በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ድራም፣ ከሆነ ጥያቄያቸው ከዚህ አይርቅም፦ «ድራማችን ይጮኻል እንጂ ደረት ላይ አያርፍም፤ ምን እንግዛ?» ከፊታቸው ያለው ምርጫ አራት ነው፦ አዲስ ሽፋን (በድራሙ አፍ ላይ የሚወጠረው)፣ ሰፋ ያለ ድራም፣ ለቤዝ ድራም የተሠራ ማይክ፣ ወይም ሰብዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር)። የብሩን መጠን እዚህ አልጠቅስም፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው ራሱ ይለወጣልና። ለንጽጽሩ መነሻ ያደረግሁት በከተማችን ደጋግሜ ያየሁትን ሁኔታ ነው፤ ባለ 22 ኢንች ቤዝ ድራም፣ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ስስ ሽፋን፣ ሁለት ባለ 15 ኢንች ሞንታርቦ፣ ከድምፃዊው የተረፈ አንድ ማይክ።

ከሁሉ በፊት «ወፍራም ድምፅ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ሁለት ነገሮች እንደተቀላቀሉ ማስተዋል ይገባል። አንደኛው ድራሙ በእርግጥ ዝቅ ያለ ቃና ማውጣቱ ነው። ሁለተኛው ከዋናው ቃና በላይ የሚጮኹት ተደራቢ ድምፆች ታፍነው ታችኛው ብቻ ጎልቶ መሰማቱ ነው። ክብ ሽፋን ሲመታ ከዋናው ንዝረት ሌላ 1.59 ጊዜ፣ 2.14 ጊዜ እያሉ ከፍ የሚሉ ንዝረቶችን ያወጣል፤ ዋናው 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ቢሆን ቀጣዩ ወደ 80 ኸርዝ ይጠጋል ማለት ነው። እነዚህ ተደራቢዎች የክራር ክር እንደሚያወጣቸው በሙሉ ቁጥር ስለማይባዙ ከዋናው ጋር አይስማሙም፤ ጆሯችን «ጩኸት» ብሎ የሚወቅሰውም እነሱን ነው። አብዛኛው ገዢ ዝቅ ያለ ቃና የፈለገ ይመስለዋል፤ የሚያስፈልገው ግን የእነዚህ ተደራቢዎች መታፈን ነው፤ ይህ ደግሞ ከአራቱ ግዢዎች በርካሹ የሚገኝ ነው።

ይኸውም ሽፋኑ ነው፤ ሙዚቀኞቹ «ሄድ» የሚሉት። በዓለም ገበያ ስማቸው የሚደጋገም ሦስቱን እንመልከት። የሬሞ ፓወርስትሮክ 3 ባለ ነጠላ ንብብር ሲሆን ከጠርዙ ሥር የተለጠፈች ቀጭን ቀለበት አለችው፤ ቀለበቷ ጠርዙ ላይ የሚጮኸውን ስታፍን መሀሉ ነጻ ስለሚሆን ድምፁ ረዘም ብሎ ይቆያል። የኤቫንስ ኢማድም ነጠላ ነው፤ ልዩነቱ ማፈኛው ከውጭ በኩል የሚገባ የስፖንጅ ቀለበት መሆኑ ነው። ስፋታቸው የተለያየ ሁለት ስፖንጆች አብረውት ስለሚመጡ፣ ድራመሩ አንድም ብሎን ሳይፈታ ጠባቡን በሰፊው ይለውጣል። የአኳሪያን ሱፐር ኪክ 2 ደግሞ ድርብ ነው፤ በሁለቱ ነጠላዎችና በድርቡ መካከል ያለው ልዩነት እንደ ነጠላና እንደ ጋቢ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። ክብደቱ ቃናውን ዝቅ ያደርጋል፤ ጩኸቱንም ይውጣል፤ በአንጻሩ ለስለስ ያለ ምት ላይ ቶሎ አይናገርም።

ግድግዳውና ወለሉ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክና መስተዋት በሆነበት አዳራሽ ሱፐር ኪክ 2 ወይም ሰፊው ስፖንጅ የገባበት ኢማድ ይመረጣል፤ አዳራሹ ራሱ ማስተጋባቱን ይጨምርበታልና። በድንኳንና በሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ በጥምቀት ሰሞን በሚተከሉት መድረኮች፣ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ፓወርስትሮክ 3 የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዛሬ አዳራሽ፣ ነገ ድንኳን ለሚሠራ ባንድ ግን ያለማመንታት ኢማድን እመርጣለሁ።

ባለ 24 ኢንቹ ድራም ብዙዎች የሚጓጉለት፣ እኔም በመጨረሻ የማስቀምጠው ነው። ስፋት ቃናን እንደሚያወርድ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ግንዱ አንድ ሆኖ ሳለ ሰፊው አፉ ጎርናና፣ ጠባቡ አፉ ቀጭን ድምፅ ሲሰጥ እየሰማ ያደገ ነውና። ነገር ግን ሽፋኑና ውጥረቱ እኩል ቢሆኑ ከ22 ወደ 24 ኢንች መሄድ ቃናውን የሚያወርደው በ1.5 ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ፤ በኦክታቭ ውስጥ 12 ናቸው) ያህል ብቻ ነው። የዚያው የ22 ኢንቹ ውጥረት በግማሽ ቢላላ ግን ቃናው በ6 ሰሚቶን ይወርዳል። የመቃኛ ቁልፉ ኪስ ውስጥ አለ፤ ትልቁ ድራም ግን ሚኒባስ ላይ አይጫንም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የተለመደው ፔዳል ባለ 24 ኢንቹን ከመሀሉ ዝቅ ብሎ ይመታዋል፤ መሀሉን ያልመታ ፔዳል ደግሞ ያንን 1.59 ጊዜ ከፍ የሚለውን ተደራቢ ይቀሰቅሳል። ሰፊው ድራም ጥቅም የሚሰጠው ባለ 22 ኢንቹ እስኪጨማደድ ተላልቶም ቃናው ዝቅ አልል ላለው ሰው ነው፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ባለፈው ጥር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ የሠርግ ዕቃ ሲተከል ደርሼ ነበር። ድራመሩ ድምፁ እንዲወፍር ብሎ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ትራስ ጠቅጥቆበታል፤ ሲመታው ባዶ ካርቶን በእርግጫ የመምታት ያህል ነው። መታፈኑን እንጂ መውረዱን አላገኘውም፤ ጭራሽ ዋናውን ቃና ከተደራቢዎቹ ጋር አብሮ ቀብሮታል። ትራሱንና አንዱን ብርድ ልብስ አወጣን፤ የቀረው የመምቻውን ሽፋን ታችኛውን ጠርዝ ብቻ እንዲነካ አድርገን አጠፍነው። ከዚያ በመምቻው ወገን ያሉትን ብሎኖች ሁሉ ሽፋኑ እስኪጨማደድ አላላን፤ መዳፌን መሀሉ ላይ ተጭኜ ሳለ ድራመሩ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ብሎኖች ተራ በተራ እያጠበቀ ጭምድዱ ሲጠፋ አቆመ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ሩብ ዙር ጨመረ። ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ድራሙ ሌላ ሆኖ ነበር፤ ያወጣነው ወጪም አልነበረም።

በተመልካቹ ወገን ያለውን ሽፋን በሙሉ ማውለቅ ድምፁን ያሳጥረዋል። ከመሀሉ ፈንጠር ብሎ 5 ኢንች ያህል ቀዳዳ ያለው ሽፋን ማይኩን ያስገባል፤ የድራሙንም ግርማ ይጠብቃል። ከፔዳል መምቻዎች ደግሞ ለስላሳው ፌልት (ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራው) ለወፍራም ድምፅ ይሻላል፤ እንጨቱና ፕላስቲኩ ጠቅታን ይጨምራሉ።

ማይክን በተመለከተ ንጽጽሩ አጭር ነው። ለድምፃዊ የተሠራው ሹር ኤስኤም 58 የሚቀበለው ከ50 ኸርዝ ጀምሮ ነው፤ የዚያው ኩባንያ ቤታ 52ኤ እና የኤኬጂው ዲ112 ግን ከ20 ኸርዝ ይጀምራሉ። ከሁለቱ ቤታ 52ኤ ጠቅታውን ይበልጥ ያወጣል፤ ስለዚህ ፈጣን ዘፈን ለሚያበዛ ባንድ እሱን እመክራለሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚያደርጉት ድራሙ ያወጣውን ማድረስ እንጂ የሌለውን መፍጠር አይደለም፤ ያልተቃኘ ድራም ፊት የቆመ ውድ ማይክ ያልተቃኘውን ድራም አጉልቶ ያሰማል።

ሰብዉፈር ከሁሉ ውድ ቢሆንም በአንድ ሁኔታ ተተኪ የለውም፤ ሕዝቡ የሚሰማው ከሞንታርቦ ብቻ ከሆነና ሞንታርቦው ከ50 ኸርዝ በታች ከደከመ፣ ሽፋን ቢለወጥም ማይክ ቢገዛም የታችኛው ድምፅ ሕዝቡ ዘንድ አይደርስም። ባለ 18 ኢንች ሰብዉፈር ይህን ክፍተት ይሞላል። በትንሽ የአዝማሪ ቤት ግን ድራሙ ያለ ስፒከርም ስለሚሰማ ገንዘቡን ማባከን ነው። ሲሞከርም በድራመሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይፈረድ፤ የ50 ኸርዝ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 7 ሜትር ስለሚጠጋ በአንዱ ጥግ የሚያጓራው በሌላው ቦታ ሊጠፋ ይችላል፤ አዳራሹን በእግር መዞር ያሻል።

ስለዚህ ኢማዱንና ፌልቱን ቀድሞ መግዛት፣ ቅኝቱን ማስተካከል፣ ከዚያ ማይኩን፣ አዳራሽ የሚከራይ ባንድ ከሆነ ደግሞ ሰብዉፈሩን ማስከተል ይበጃል። ሽፋኑን ለማዘዝ ስልክ ከመደወል በፊት የድራሙን ስፋት ከነቀለበቱ ሳይሆን ሽፋኑ የሚያርፍበትን የእንጨቱን አፍ ብቻ በሜትር መለካት አለበት፤ 22 ኢንች 56 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አዲሱ ሽፋን ሲመጣም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ዙሪያው እኩል ካላረፈና አንድ ወገኑ ከፍ ብሎ ከተንቀጠቀጠ በመንገድ ላይ ተጣምሟልና፣ ብሎን ሳይነካ እንደታሸገበት ይመለስ።