የዝናብ ሴንሰር ካሊብሬሽን፦ በራሱ ይማር፣ ስካነር ይገዛ ወይስ ወኪሉ ጋ ይኬድ?

ዝናብ አይታ ዋይፐሩን በራሷ የምታስነሳ ሴንሰር ያለው መኪና የፊት መስታወቱ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ጣጣ አንድ ዓይነት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ዋይፐሩ ደረቁን መስታወት ይፈገፍጋል። ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ዝም ይላል። ጋራዥ ስትጠይቁ "ካሊብሬት መደረግ አለበት" ትባላላችሁ። መንገዱ ግን ሦስት ነው፦ ሴንሰሯ በራሷ እንድትማር መተው፣ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) መግዛት፣ ወይም የአምራቹ ወኪል ጋ መሄድ። ወጪውም እንደዚያው ይለያያል። የቱ ለማን እንደሚሆን ላወዳድርላችሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ከሦስቱ አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት ሴንሰሯና መስታወቱ መሃል ያለችውን ጄል አስተካክሉ።

ለምን እንደሆነ የሚገባው አሠራሩን ላየ ሰው ነው። ሴንሰሯ ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ የተለጠፈች ትንሽ ሳጥን ናት። ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን 45 ዲግሪ ገደማ አጋድላ ወደ መስታወቱ ትልካለች። ከመስታወት ወደ አየር የሚሄድ ብርሃን ከ42 ዲግሪ ገደማ በላይ ካጋደለ መውጣት አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ተቀባዩ ላይ ያርፋል። መስታወቱ ላይ ውሃ ሲያርፍ ግን ያ ወሰን 62 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ጠብታ ባለበት ቦታ ብርሃኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ተመላሹ ይቀንሳል፣ ዋይፐሩ ይነሳል። ካሊብሬሽን ማለት "ይህ መስታወት ደረቅና ንጹሕ ሲሆን ይህን ያህል ብርሃን ይመልሳል" የሚል መነሻ ለሴንሰሯ ማስያዝ ነው። የዋይፐር ማንሻው ላይ ያለችው የስሜት ማስተካከያ ይህን አትነካም። እሷ የምትወስነው ዋይፐሩ በስንት ጠብታ እንደሚነሳ ብቻ ነው።

ጄሉ፦ አሮጌው፣ አዲሱ ወይስ ፈሳሹ

ጄሉ ጥርት ያለ ሲሊኮን ነው። ሥራው በሴንሰሯና በመስታወቱ መሃል አየር እንዳይኖር ማድረግ ነው። አየር ከገባ ብርሃኑ ገና መንገድ ላይ ይበተናል። ያኔ ሴንሰሯ የምታነበው ዝናቡን ሳይሆን አረፋውን ነው።

አሮጌውን ጄል መልሶ መለጠፍ በጣም የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። አንዴ የተላቀቀ ጄል አቧራና የጣት ቅባት ይይዛል፣ ጠርዙም ይቀደዳል። ዛሬ ደህና ቢመስል እንኳ ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ የቀረው አየር ይሰፋል። ጠዋት በሥርዓት ሲሠራ የነበረ ዋይፐር ቀትር ላይ ያብዳል። ሰዓት እየጠበቀ የሚመጣ እንዲህ ያለ ብልሽት ካያችሁ መጀመሪያ ጄሉን ጠርጥሩ።

ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው በሴንሰሯ ቅርጽና ውፍረት ልክ ተቆርጦ የሚሸጠውን አዲስ ጄል ፓድ ነው። ፕላስቲኩ ይላጣል፣ ከአንድ ጠርዝ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይለጠፋል፣ በጣት አይነካም። ፈሳሹ ኦፕቲካል ሲሊኮን ክፍተት በደንብ ይሞላል። ግን እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይፈሳል፣ ሌላ ጊዜ ሲነቀልም ያስቸግራል። ለሴንሰሯ የሚሆን ፓድ ከጠፋና የሚሠራው ሰው እጁ የለመደ ከሆነ ይሁን። የመታጠቢያ ቤት ማሸጊያ ሲሊኮንን ግን እርሱት። ሲደርቅ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሲድ ይለቃል፣ ኤሌክትሮኒክስ ይጎዳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናው ፊት ቆማችሁ በመስታወቱ በኩል ሴንሰሯን እዩ። ጄሉ በደንብ ከተቀመጠ ወጥ ሆኖ ጠቆር ይላል። የሚያብለጨልጭ ነጭ ነጥብ ካለ አረፋ ነው። እንደገና ይለጠፍ።

ሦስቱ መንገዶች

በራሱ መማር ወጪ የለውም። ብዙ ሴንሰሮች ቁልፍ ሲከፈት መነሻቸውን ይይዛሉ፣ እየሠሩም ራሳቸውን ያስተካክላሉ። የሚጠይቁት ንጹሕና ደረቅ መስታወት ነው። መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙ፣ መስታወቱን አጽዱ፣ ቁልፉን ዘግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ክፈቱና ማንሻውን ወደ አውቶ አምጡ። ሴንሰሯ የድሮዋ ከሆነች፣ አዲሱ መስታወትም ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ከዚህ በላይ ላያስፈልግ ይችላል። ችግሩ ርጥብ ወይም ቆሻሻ መስታወት ላይ ከተማረ የተሳሳተ መነሻ ይይዛል፤ መያዙን ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ የሚነግራችሁ መብራት ላይኖር ይችላል።

ስካነር ስትገዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሞተር ብልሽት ኮድ ብቻ የሚያነበው ርካሹ ዓይነት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሴንሰሯ አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው መብራትና ዋይፐርን ከሚያዘው የቦዲ ኮምፒውተር ጋር ነው፤ ስካነሩ እዚያ መግባት አለበት። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በእኔ ሞዴል የዝናብ ሴንሰር ላይቭ ዳታ (ሴንሰሯ በዚያው ቅጽበት የምታነበውን ቁጥር) ያሳያል? ኮዲንግ (ኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበውን ቅንብር) ይጽፋል? ኢኒሻላይዜሽን (መነሻውን እንደ አዲስ ማስያዝ) ያደርጋል? "ሁሉንም መኪና ያነባል" የሚለው ለሦስቱም መልስ አይደለም።

የጥሩ ስካነር ትልቁ ጥቅም ላይቭ ዳታው ነው። መስታወቱ ደረቅ ሲሆን ቁጥሩ ይረጋል። ሴንሰሯ ፊት ትንሽ ውሃ ስትረጩ ይንቀሳቀሳል፣ ስትጠርጉት ይመለሳል። ውሃ ተረጭቶ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ ከጄሉ፣ ከመስታወቱ ወይም ከሴንሰሯ ነው። እዚያ ላይ ካሊብሬሽን ደጋግሞ መሥራት ገንዘብ መጣል ነው። ኮዲንግ ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ የነበረውን ፎቶ አንሱት። አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው ስካነር መግዛት አያዋጣም፤ ስካነሩ ያለው ጋራዥ ይሂድ። ለመካኒክ ግን ያዋጣል።

ወኪሉ ውድ ነው፣ ግን የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሴንሰሯ ራሷ በአዲስ ስትተካ፣ ወይም የመስታወቱ ዓይነት ተቀይሮ ኮዲንጉ ውስጥ መመዝገብ ሲኖርበት፣ የአምራቹ መሣሪያ ያለው ሰው ቢነካው ይሻላል። ሳጥኗ የፊት መብራቱንም የምታዝ ከሆነ ይበልጥ። እዚያም ቢሆን ጄሉ መቀየሩን ጠይቁ። አረፋ ላይ የተሠራ ኢኒሻላይዜሽን በየትኛውም መሣሪያ ቢሠራ ያው ነው።

መስታወቱን ስትመርጡ

ኦሪጅናል ያልሆነ መስታወት ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሙቀት የሚመልስ ሽፋን ያለው ከሆነ ግን ሴንሰሯ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ሽፋኑ መነሳት አለበት፤ አለዚያ ኢንፍራሬዱ አያልፍም። የሴንሰሯ መያዣም በትክክለኛው ቦታ መለጠፉን እዩ። ያረጀ የዋይፐር ጎማ የሚተወውን የውሃ መስመር ሴንሰሯ ዝናብ ብላ ታነበዋለች፤ ስለዚህ ጎማውንም አብራችሁ ቀይሩ። ውሃ የሚያንከባልል ሰም የምትቀቡ ከሆነ ሴንሰሯ ፊት ያለውን ቦታ ዝለሉት።

አንድ ነገር ደረሰኝ ላይ እንዳይምታታባችሁ። ከሴንሰሯ አጠገብ ያለው የፊት ካሜራ ካሊብሬሽን ሌላ ሥራ ነው። እሱ የሚሠራው በልዩ ሰሌዳ ወይም መንገድ ላይ በመንዳት ነው። የአንዱ መሠራት ሌላውን አይሸፍንም፤ ሁለቱ በየራሳቸው መስመር ይጻፉ።

መኪናውን ስትረከቡ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ማንሻውን አውቶ ላይ አድርጋችሁ በመርጫ ጠርሙስ ሴንሰሯ ፊት ውሃ እርጩ። በትንሽ ጠብታ ቀስ ብሎ፣ ሲበዛ ፈጠን ብሎ መጥረግ አለበት። መርጨት ስታቆሙም መቆም አለበት። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ድገሙት።