አቃቂ ወንዝ ዳር በእግር ላስጎበኘን ልጅ ምስጋና

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው አንድ ወጣት ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። አቃቂ ተወልዶ ያደገ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይዞ ወንዙን ተከትሎ በእግር ያስጎበኛል። ቢሮ የለው፣ ባጅ የለው። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

የሄድነው በታኅሣሥ ነው። የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ንጋት ላይ ጣት ያደነዝዛል። ወንዝ ዳር ደግሞ ይብሳል፤ ቀዝቃዛው አየር ሌሊቱን ሙሉ ወደ ረባዳው ሲወርድ ነው የሚያድረው። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። እኔ ደግሞ አባቴን ይዤ ነበር። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ያለ ምርኩዝ አይሄድም።

ልጁ ገና ሲያየው "አባባ፣ ዛሬ ፊት የሚሄዱት እርስዎ ነዎት፤ እኛ እንከተላለን" አለው። ለወግ ያለው መስሎኝ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ግን አንዴም አልቀደመውም። ጭቃ ያለበት ቦታ ስንደርስ በዱላ እየወጋ ይፈትሻል፣ ከዚያ ነው የሚያሳልፈን። ለማረፍ ስንቆም ከቦርሳው የታጠፈ ማዳበሪያ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ያነጥፍለታል፣ ጤዛው እንዳይነካው። ለካስ ሁሌም ይዞት ነው የሚዞረው።

ድሮው የባቡር መስመር ጋ ስንደርስ ገለጻውን ጀመረ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መድረሱን፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር መሆኑን ነገረን። አባቴ መሃል ላይ ገባበት። ምርኩዙን ከሐዲድ ሐዲድ አጋደመና "ስፋቱ ስንት ይመስልሃል?" አለው። ልጁ ዝም አለ። "አንድ ሜትር! ልክ አንድ ሜትር። የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ሰፊ ነው። የዚህን ፉርጎ እዚያ ብታወጣው መሃል ላይ ነው ዘጭ የሚለው።" ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመው! ፈረንሳይኛው ሁሉ መጣ። ልጁ ገለጻውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ጠያቂ ሆነ። መጨረሻ ላይ ስልኩን አውጥቶ "አባባ፣ ልቅረጽዎት? ለሌላ እንግዳ እንደ እርስዎ ነው የምናገረው" አለ። ወሬው ውስጥ ሰው ሲገባበት ፊቱ የሚጠቁር አስጎብኚ ስንት አለ መሰላችሁ። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

ወንዙን ደግሞ አያሞካሽም። ይሸታል፣ ይሸታል ይላል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርዱት እነ ቀበና የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክመው ትልቁ አቃቂ ውስጥ እንደሚገቡ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ እንደሚሄዱ መሬት ላይ በዱላው እየሣለ አሳየን። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ነው የተባለለት። መሃል ከተማ ውስጥ በንጣፍ ላይ ይኬዳል። እኛ የሄድንበት ግን የከብት መንገድ ነው፤ በጫማ እንዳትሸወዱ።

በፓምፕ ውሃ እየሳቡ ቆስጣና ጎመን የሚያጠጡ ገበሬዎች ነበሩ። ልጁ "አካም ቡልተን" ብሎ አንድ በአንድ ሰላም አላቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቀ። ራቅ ካልን በኋላ ነው ድምፁን ቀነስ አድርጎ በዚህ ውሃ የሚለማ አትክልት ላይ እርሳስና ክሮሚየም የሚባሉ ጎጂ ብረቶች በጥናት መገኘታቸውን የነገረን። "ጥፋቱ የነሱ አይደለም፤ ከላይ የሚለቅባቸው ሌላ ነው" አለ። ሰዎቹ ፊት ቢናገረው ኖሮ እዚያው ነበር የምታዘበው።

የአባ ሳሙኤልን ሐይቅ ለማየት ከዚያ በኋላ በባጃጅ ሄድን፤ ለአባቴ በእግር አይሞከርም። ግድቡ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ የአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ለረጅም ዓመታት ሥራ ፈቶ ቆይቶ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀምሯል። ሐይቁ ላይ እምቦጭ አለ፣ ያሳዝናል። ወፉ ግን ጉድ ነው! የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት በዚህ ወቅት ነው። እኛ በካፖርት ተጠቅልለን ስንንቀጠቀጥ እነሱ ሙቀት አገኘን ብለው ነው የመጡት።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ዋጋ ሲጠየቅ "የሰጣችሁኝን" ይላል። ጨዋነት መሆኑ ይገባኛል፣ ግን ሰው ያስጨንቃል፤ እሱንም ይጎዳዋል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የባጃጁንም ለይታችሁ።

ወፍራም ሹራብና ቦት ጫማ ያዙ፣ የሚጠጣ ውሃ ከቤት አምጡ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ወንዙ አፋፍ ላይ እጃቸውን አትልቀቁ። ቅዳሜ ለመሄድ ያሰበ እስከ ሐሙስ ይደውልለት፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አይሠራም።